ኃይልን በጋራ መግዛት፦ ከጨረታው በፊት የሚሰጥ ቃል

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ካውንቲዎችና ከተሞች የምንኖር ሰዎች ግብራችን የት እንደሚውል ስንነጋገር ቶሎ የምናነሣው ትምህርት ቤትን፣ ፖሊስንና መንገድን ነው። የቆሻሻ መኪናው የሚሞላው ናፍጣ፣ የመንገድ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጀው ኤሌክትሪክና የቤተ መጻሕፍቱ ማሞቂያ የሚያነደው ጋዝም ከዚሁ ከእኛው ገንዘብ ይከፈላሉ፤ ነገር ግን ማን፣ ከማን፣ በምን ዋጋ እንደሚገዛቸው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ባለች አንዲት አነስተኛ ከተማ የግዥ ክፍል ስለምሠራ ጉዳዩን በየቀኑ አየዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው የአካባቢ መስተዳድሮች ነዳጅን፣ ኤሌክትሪክንና ከኃይል ጋር የተያያዙ አገልግሎቶችን በጋራ ስለሚገዙበት አሠራር ነው። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ የጋራ ግዥ እውነተኛ ጥቅም የሚገኘው እያንዳንዱ ተሳታፊ የሚገዛውን መጠን ከጨረታው በፊት አስመዝግቦ ቃል ሲገባ ነው። ሌላው ተጫርቶ የጨረሰውን ውል ቆይቶ ተጠግቶ መጠቀም ጊዜ ይቆጥባል፤ ዋጋ ለማውረድ ያለው አቅም ግን ከሚወራለት በእጅጉ ያነሰ ነው።

አሠራሩ በአካባቢያችን አዲስ አይደለም። የዋሽንግተን ሜትሮፖሊታን የመንግሥታት ምክር ቤት፣ እዚህ ሁላችንም በአጭሩ ኮግ የምንለው፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ መንግሥትን ጨምሮ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ካውንቲዎችና ከተሞች አባል የሆኑበት ይህ ተቋም የጋራ ግዥ መርሐ ግብሩን የጀመረው በ1971 ነበር። ኮግ ራሱ ሕግ አያወጣም፤ ግብርም አይሰበስብም። አባሎቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ እያንዳንዱ ለየብቻው ቢገዛው የሚጎዳበትን ዕቃ በአንድ ሰነድ እንዲገዙ ያመቻቻል። በሰሜን በኩል ደግሞ የባልቲሞር ሜትሮፖሊታን ካውንስል ተመሳሳይ የጋራ ግዥ ኮሚቴ አለው፤ እነርሱ ከነዳጅ አልፈው ኤሌክትሪክና የተፈጥሮ ጋዝም በአንድነት ይገዛሉ።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት የሚመቸው የነዳጅ ጨረታ ነው። የጨረታ ሰነዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ተጫራቾች በጋሎን ይህን ያህል ብለው ቁርጥ ዋጋ የሚያስገቡ ይመስለዋል፤ እንዲህ ግን አይደለም። የነዳጅ ዋጋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ለዓመት ቁርጥ ዋጋ የሚሰጥ አቅራቢ ቢገኝ እንኳ ስጋቱን በዋጋው ላይ ጭኖ ነው። ስለዚህ ውሉ በጅምላ ማከፋፈያ ዴፖዎች በየዕለቱ በሚመዘገበው አማካይ ዋጋ ላይ ይመሠረታል፤ ኦፒስ የተባለው የዋጋ መረጃ ድርጅት የባልቲሞርንም ሆነ የፌርፋክስን ዴፖ ዋጋ በየቀኑ ያወጣል። ተጫራቾች የሚፎካከሩት በዚያ አማካይ ላይ በሚጨምሩት ወይም ከዚያ በሚቀንሱት ሳንቲም ብቻ ነው። ያ ልዩነት በውሉ ዘመን ሁሉ አይነቃነቅም፤ የሚወጣውና የሚወርደው መነሻው ነው።

የሦስት ሳንቲም ልዩነት በዓመት 100,000 ጋሎን ለምትጠቀም ከተማ 3,000 ዶላር ይሆናል። ሦስት ሚሊዮን ጋሎን ለሚያቃጥል ትልቅ ካውንቲ ደግሞ 90,000 ዶላር ነው። ይህ ሳንቲም ከየት እንደሚመጣ ስንመረምር የጋራ ግዥ ለምን እንደሚጠቅም ይገባናል። ሙሉ ቦቴ ወደ 8,000 ጋሎን ገደማ ይይዛል፤ ከዴፖው ሞልቶ ወጥቶ በአንድ ቦታ ሙሉ በሙሉ ከገለበጠ ለአቅራቢው ወጪው ዝቅተኛ ነው። የእኛን የመሰለች ትንሽ ከተማ የምድር ውስጥ ታንከሯ ግን ያን ያህል አይቀበልም፤ ትንሿ ቦቴ መጥታ ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ጋሎን አራግፋ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ለየብቻዋ ስትጫረት የምታገኘው ልዩነት ከትልቁ ካውንቲ ይልቅ ከባድ ነው። አቅራቢው ግን የአምስት አጎራባች መስተዳድሮችን ታንከሮች አድራሻና መጠን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ሲያይ፣ በአንድ ጉዞ ሦስት ቦታ ማራገፍ እንደሚችል ያሰላና ዋጋውን በዚያው ልክ ያወርዳል። የአካባቢ መስተዳድሮች በቤንዚን ላይ ካለው 18.4 ሳንቲምና በናፍጣ ላይ ካለው 24.4 ሳንቲም የፌዴራል ታክስ ከሞላ ጎደል ነጻ መሆናቸውን በአንድ አንቀጽ ማስፈርም ቀላል የሚመስል ግን ሒሳብ ክፍሉን ከብዙ ውጣ ውረድ የሚያድን ነገር ነው።

የጋራ ግዥ የገበያውን ማዕበል አያቆምም። በጁን 2022 የናፍጣ አማካይ ዋጋ በመላ አሜሪካ በጋሎን ከ5.80 ዶላር ሲያልፍ፣ በጋራ የገዛውም በተናጠል የገዛውም ከመነሻው ዋጋ ጋር አብሮ ወጥቷል። ይሁንና ውል ማለት ዋጋ ብቻ አይደለም። በሜይ 2021 ኮሎኒያል የተባለው ትልቁ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ በኮምፒዩተር ጥቃት ምክንያት ለቀናት በተዘጋ ጊዜ፣ በቨርጂኒያና በሌሎች የደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች የነዳጅ ማደያዎች በወረፋ ተጨናንቀው ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን አቅራቢው ያለውን ነዳጅ በቅድሚያ ለማን ያድርስ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ቀድሞ በተጻፈው አንቀጽ ነው። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ያላቸው ብዙ መስተዳድሮች በአንድነት የጻፉትን የአስቸኳይ ጊዜ አቅርቦት አንቀጽ አቅራቢው ችላ ለማለት ይከብደዋል፤ አንዲት ትንሽ ከተማ ብቻዋን ብትጽፈው ግን ክብደቱ ያው አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልመለስ። በአካባቢያችን የግዥ ሰነዶች ውስጥ ከብዙ ዓመት ጀምሮ የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ፤ አሸናፊው አቅራቢ ከፈቀደ ሌላ ማንኛውም የአካባቢው መስተዳድር በዚያው ዋጋና በዚያው ሁኔታ እንዲገዛ የሚፈቅድ ነው። የግዥ ሠራተኞች ይህን አንቀጽ እንወደዋለን፤ ወራት የሚፈጅ ጨረታ ሳናወጣ በሕጋዊ መንገድ ዕቃ እንድንገዛ ያደርገናል። ችግሩ አቅራቢው ዋጋውን ሲያሰላ የእኛ መጠን በሠንጠረዡ ላይ አለመኖሩ ነው። በበዓል ሰሞን ቅርጫ የሚያደርጉ ጎረቤታሞች መጀመሪያ የመደቡን ቁጥር ቆጥረው፣ ገንዘቡን አዋጥተው፣ ከዚያ ነው በሬ ሊገዙ ወደ ገበያ የሚወርዱት፤ የበሬው ትልቅነት በተዋዋዩ ቁጥር ይወሰናል። በሬው ከተገዛ በኋላ የሚመጣ ሰው ድርሻ ቢሰጠው እንኳ ለግዥው የጨመረው ነገር የለም። በኋላ ተጠግተን የምንገዛው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ሌላው በራሱ መጠን ያገኘውን ዋጋ እንወስዳለን፤ ያ ዋጋ ለእነርሱ መንገድና ለእነርሱ ታንከር የተሰላ ስለሆነ ለእኛ መልካም መሆኑ በአጋጣሚ ነው።

ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም። ጨረታ ማውጣት ሠራተኛና ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ትንሽ ከተማ ደግሞ ሁለቱም እንደሌላት ይነግሩኛል፤ እውነታቸውን ነው። እኔ የምለው ግን እያንዳንዷ ከተማ የራሷን ጨረታ ታውጣ አይደለም። ትልቁ ካውንቲ ጨረታ ሊያወጣ ሲዘጋጅ ትንሿ ከተማ መጠኗን፣ የታንከሮቿን አድራሻና የማድረሻ ሰዓቷን በአንድ ገጽ ሞልታ አስቀድማ ትላክ ነው። ይህ አንድ ገጽ የአንድ ሠራተኛ የከሰዓት ሥራ ነው።

የኤሌክትሪክ ነገር ደግሞ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ይለያያል። ሜሪላንድ በ1999 ባወጣችው ሕግ የኤሌክትሪክ ማመንጨትንና መሸጥን ለውድድር ከፍታለች፤ ስለዚህ ካውንቲዎቻችን ሽቦውን ከሚያስተዳድረው ኩባንያ ሌላ የሆነ ሻጭ በጨረታ መምረጥ ይችላሉ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ የካውንቲው መንግሥት፣ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ የፓርኮችና የፕላን ኮሚሽኑ እንዲሁም የውኃና ፍሳሽ ድርጅቱ የኃይል ጉዳያቸውን በጋራ ኮሚቴ ሲመክሩበት ኖረዋል። ቨርጂኒያም በዚያው በ1999 ገበያውን ለመክፈት ሕግ አውጥታ ነበር፤ በ2007 ግን ወደ ቁጥጥሩ ሥርዓት ተመለሰች። ስለዚህ በሰሜን ቨርጂኒያ ያሉት አሌክሳንድሪያን የመሰሉ መስተዳድሮች ሻጭ አይመርጡም። እነርሱ የሚያደርጉት በአንድ የጋራ ማኅበር ሥር ተሰብስበው ከአካባቢያቸው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ከዶሚኒየን ኢነርጂ ጋር በታሪፍና በውል ሁኔታ ላይ መደራደር ነው። ውድድር በሌለበት ገበያም ቢሆን በጋራ መደራደር ዋጋ እንዳለው ይህ በቂ ማስረጃ ይመስለኛል።

የኤሌክትሪክ ሂሳብን ለሚያነብ ሰው ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በጣም ከባድ የሆነው ክፍል የአቅም ክፍያ የሚባለው ነው። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ 13 ግዛቶችን በሙሉም ሆነ በከፊል እንዲሁም ዲሲን የሚያካትተውን የኃይል መረብ የሚያስተዳድረው ፒጄኤም፣ ወደፊት በሚመጣው ከፍተኛ የፍላጎት ሰዓት በቂ ማመንጫ መኖሩን ለማረጋገጥ አስቀድሞ ጨረታ ያካሂዳል። ከጁን 2024 ለጀመረው የአቅርቦት ዓመት አጠቃላይ ዋጋው ለአንድ ሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር ነበር፤ ከጁን 2025 ለጀመረው ዓመት ግን ወደ 269.92 ዶላር አሻቀበ፤ በባልቲሞር ቀጠና ደግሞ 466.35 ዶላር ደረሰ። ሂሳባቸው በድንገት ለምን እንደጨመረ የጠየቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከመልሱ ትልቁ ክፍል ይኸው ነው።

የአቅም ክፍያ በእያንዳንዱ ደንበኛ ላይ የሚጣለው በዓመቱ ውስጥ በተጠቀመው ጠቅላላ ኃይል ልክ አይደለም። መረቡ በበጋው ሙቀት እጅግ በሚጨናነቅባቸው ጥቂት ሰዓቶች ደንበኛው ምን ያህል ይወስድ እንደነበር ተለክቶ ነው። እነዚያ ሰዓቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚውሉት በጁላይ ወይም በዚያ አካባቢ ከሰዓት በኋላ ነው። የመንገድ መብራት በዚያ ሰዓት ጠፍቷል፤ ስለዚህ በመጨናነቁ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን አሰናብተዋል። የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ቀንና ሌሊት በተመሳሳይ መጠን ይሠራል፤ አስፈላጊ ሲሆንም አንዳንድ ፓምፖቹን ለሰዓታት ማቆም ይችላል። ከፍተኛ ጭነት የሚፈጥሩት በዚያች ሰዓት ማቀዝቀዣቸው የሚያጓራ የአስተዳደር ሕንጻዎች ናቸው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጨረታ ላይ ሲቀርቡ ሻጩ የሚያየው ሚዛኑ የተሻለ፣ ለመተንበይ የሚመች ደንበኛ ነው። በኤሌክትሪክ ላይ የጋራ ግዥ ትልቁ ሀብት የመጠን ብዛት ሳይሆን ይህ የአጠቃቀም መለያየት ነው እላለሁ፤ ሁለት መቶ የአስተዳደር ሕንጻዎች በአንድ ላይ ቢጫረቱ ይህን ጥቅም አያገኙም።

ሌላው ጥቅም የግዥው ጊዜ ነው። ትንሽ ከተማ ብቻዋን ስትገዛ ውሏ በሚያልቅበት ወር ገበያው የሰጠውን ዋጋ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ትቀበላለች፤ ወሩ መጥፎ ከሆነ ለዓመታት ትከፍልበታለች። ትልቅ ቡድን ግን ባለሙያ አማካሪ ቀጥሮ የሚያስፈልገውን ኃይል በትንንሽ ድርሻ ከፋፍሎ፣ በተለያዩ ወራት ትንሽ ትንሽ እያደረገ ይገዛል። በዚህ መንገድ የገበያውን የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋ ማንም አያገኝም፤ በከፍተኛው ዋጋ የሚጠመድም የለም። ለምክር ቤት አባል ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው በጀቱ የሚታመን መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከቆጣሪ ዝርዝር ነው። ቡድኑ አባል ልትሆን የምትፈልግን ከተማ መጀመሪያ የሚጠይቃት እያንዳንዱን የሂሳብ ቁጥር፣ አድራሻና የአሥራ ሁለት ወር አጠቃቀም ነው። ዝርዝሩን ስናዘጋጅ ብዙ ነገር ተገለጠ፤ ከተዘጋ ዓመታት ያስቆጠረ መጋዘን በየወሩ መሠረታዊ ክፍያ ይከፈልበት ነበር፤ በአንድ የመጫወቻ ሜዳ ላይ ያለ ቆጣሪ የሚመግበው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሠራተኛ ስላልተገኘ የጥገና ባልደረባችን ሽቦውን ተከትሎ ሄዶ አንድ የውኃ ምንጭ ፓምፕ ላይ ደረሰ። ከእነዚህ አንዱም በጨረታ የሚገኝ ቁጠባ አይደለም፤ ነገር ግን የጋራ ግዥው ባይጠይቀን ኖሮ ዝርዝሩን ማንም አይሠራውም ነበር። ኃይልን ብቻ የሚከታተል ሠራተኛ መቅጠር ለማትችል ከተማ ይህ ዲሲፕሊን ራሱ ትልቅ ስጦታ ነው።

የፀሐይ ኃይልን በተመለከተ በአካባቢያችን ልብ የሚባል አንድ ምሳሌ አለ። በ2020 አርሊንግተን ካውንቲና አማዞን በደቡባዊ ቨርጂኒያ በምትገኘው ፒትሲልቫኒያ ካውንቲ ከሚሠራ 120 ሜጋዋት የፀሐይ ማመንጫ ኃይል ለመግዛት መስማማታቸውን ይፋ አደረጉ፤ የአርሊንግተን ድርሻ ከጠቅላላው 31.7 በመቶ ነው። ካውንቲው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያን የሚያህል ማመንጫ አስገንብቶ የሚሸከም ፍላጎት አይኖረውም ነበር፤ ከትልቅ ገዥ ጋር ከመነሻው ተጣምሮ ቃል በመግባቱ ግን ቦታ አገኘ። እዚህም ላይ ልብ በሉ፤ ቃሉ የተሰጠው ማመንጫው ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ ነው።

በጣሪያ ላይ የሚተከል የፀሐይ ኃይልና የሕንጻዎች የኃይል ቁጠባ ሥራ ግን በጋራ ለመግዛት ይከብዳል። ናፍጣ የትም ናፍጣ ነው፤ ጣሪያ ግን እያንዳንዱ የራሱ ዕድሜ፣ የራሱ ጥላና የራሱ የኤሌክትሪክ ሳጥን አለው። በዚህ ዘርፍ የተሻለው መንገድ የውሉን ጽሑፍ፣ የመመዘኛ ነጥቡንና የቅድመ ጥናት ባለሙያውን በጋራ ይዞ ዋጋውን በየሕንጻው ማስላት ይመስለኛል። ጊዜውም ይገፋናል። በ2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግብር የማይከፍሉ የአካባቢ መስተዳድሮች ለፀሐይ ኃይል የሚሰጠውን የታክስ ቅናሽ በጥሬ ገንዘብ እንዲያገኙ ፈቅዶ ነበር፤ በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ግን እስከ ጁላይ 4 ቀን 2026 ግንባታቸው ያልተጀመረ የፀሐይ ፕሮጀክቶች ቅናሹን ለማግኘት እስከ 2027 መጨረሻ አገልግሎት መስጠት እንዲጀምሩ ያስገድዳል። እያንዳንዷ ከተማ ለየብቻዋ ሰነድ እስክትጽፍ ድረስ ይህ ጊዜ ያልፋል።

ከወገኖቻችን መካከል በኤሌክትሪክ ሥራና በሕንጻ ጥገና የተሰማሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ እነርሱ የሚያነሡት ቅሬታ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ጨረታው በተጠቃለለ ቁጥር የሚጠየቀው የዋስትና ገንዘብና የቀድሞ ሥራ መጠን ስለሚያድግ ሦስት ወይም አራት ሠራተኛ ያለው ድርጅት በሩ ላይ ይቀራል። ቅሬታቸው ትክክል ነው፤ መፍትሔውም በሰነዱ አጻጻፍ ላይ ነው። የሥራውን ዝርዝር በአካባቢና በሥራ ዓይነት ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው መጫረት እንዲቻል ማድረግ፣ የዋስትናውንም ልክ በክፍሉ መጠን መወሰን ይቻላል። በነዳጅ ጨረታ ትልቁን ቦቴና ትንሹን ቦቴ በተለያየ ረድፍ እንደምናስቀምጠው ማለት ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሠሩት ትልልቅ የጋራ ግዥ ድርጅቶች ደግሞ ከአቅራቢው የአስተዳደር ክፍያ ይሰበስባሉ፤ ያ ክፍያ ዞሮ ዞሮ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ይገባልና የእነርሱን ውል የምትጠጋ ከተማ ከጎረቤት ካውንቲ ውል ጋር አወዳድራ ልታየው ይገባል።

እንዲህ ያሉ ግዥዎች በከተማ ምክር ቤት አጀንዳ ላይ የሚቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ውይይት በአንድ ድምፅ በሚያልፉት ጉዳዮች ዝርዝር ውስጥ ነው። አጀንዳው ከስብሰባው ቀናት በፊት በከተማው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ከነአባሪው ማንበብ የማንኛውም ነዋሪ መብት ነው። በአባሪው ውስጥ ሦስት ነገሮችን ፈልጉ፦ ውሉ በመጀመሪያ የተጫረተው በየትኛው መስተዳድር እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ፣ የእኛ ከተማ መጠን በዚያ ጨረታ ሠንጠረዥ ላይ መኖር አለመኖሩን፣ እንዲሁም ሠራተኞቹ ቢያንስ ከአንድ ሌላ ውል ጋር አወዳድረው እንደሆነ። መጠናችን በሠንጠረዡ ላይ ካልነበረ ውሉ የሚያበቃበትን ወር ያዙና፣ ከዚያ ከአንድ ዓመት በፊት በሚደረገው የበጀት ስብሰባ ላይ የሚቀጥለው ጨረታ ሲዘጋጅ ከተማችን መጠኗን አስቀድማ እንድታስመዘግብ ጠይቁ።